የባለቤቴን ምንጅላት ፍለጋ፤ አሥራ አራት ወር ከኖርፎክ መዝገቦች ጋር

ልጄ ከትምህርት ቤት የዘር ሐረግ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። በእኔ በኩል ችግር አልነበረም። አባቴ በልጅነቴ ሰባት ቤት ስላስቆጠሩኝ ስሞቹን ተራ በተራ ነገርኳት። በአባቷ በኩል ግን ከአያቷ አባት ማለፍ አልቻልንም። ባለቤቴ «ኖርፎክ ገጠር ውስጥ ነበሩ» (ምሥራቅ እንግሊዝ ያለች አውራጃ ናት) ከማለት በቀር የሚያውቀው የለም። አማቴን ስጠይቃቸው አንድ ትልቅ የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ከቁም ሣጥን አናት ላይ አወረዱልኝ። የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ ጋብቻና ልደት ተጽፎበታል። ከሁሉ በላይ ያለው ስም የአማቴ ቅድመ አያት ነው፤ ለባለቤቴ ምንጅላቱ መሆኑ ነው። ይህን ሰው መፈለግ ከጀመርኩ አሥራ አራት ወር ሆነኝ። ዘመዶቹ በሕይወት ስላሉ ስሙን አልጠቅስም። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለጀማሪ የሚያስፈልገውን በአጭሩ ልበል። እንግሊዝ በየአሥር ዓመቱ ሕዝቧን መቁጠር የጀመረችው በ1801 ቢሆንም የሰው ሁሉ ስም በአገር ደረጃ ተጽፎ የተቀመጠው ከ1841 ወዲህ ነው። የ1841ዱ ገና ቁጥብ ነው፤ ዝምድና አይጽፍም፣ የትልልቅ ሰዎችን ዕድሜም በአብዛኛው ወደ ታች ወደ አምስት ብዜት ያወርደዋል፤ የ33 ዓመቱ ሰው 30 ይባላል። ከ1851 ጀምሮ ግን እያንዳንዱ ሰው ለአባወራው ምኑ እንደሆነ፣ ማግባት አለማግባቱ፣ ዕድሜው፣ ሥራውና የተወለደበት ደብር ይሰፍራል። ገጠር ለሚፈልግ ሰው ይህች የደብር ስም ወርቅ ናት። ቆጠራው ለመቶ ዓመት ተዘግቶ ስለሚቆይ አሁን የምናየው እስከ 1921 ያለውን ነው። የ1931ዱ በ1942 በእሳት ወድሟል፣ የ1941ዱ በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄደም። ልደት፣ ጋብቻና ሞት፣ እኛ ወሳኝ ኩነት የምንለው ማለት ነው፣ በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1837 ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ ደብሮች ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲጽፉ የታዘዙት ገና በ1538 ነው።

አሁን ወደ ስህተቴ ልግባ፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ሥራዬ በሙሉ ተሰርዟልና።

መጽሐፍ ቅዱሱ ሰውዬው በ1846 ተወለደ ይላል፣ የት እንደሆነ አይናገርም። ፋሚሊሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ስፈልግ በኖርፎክ ከተሞች በስዋፍሃምና በዴርሃም መካከል ባለች አንዲት ደብር በዚያው ዓመት የተጠመቀ ሕፃን አገኘሁ። ስሙ ልክ፣ ዓመቱም ልክ። በደስታ ወደ ወላጆቹ፣ ከእነሱም ወደ ወላጆቻቸው እያልኩ እስከ 1760ዎቹ ወጣሁ። ሥዕሉን በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ለአማቴ ሰጠኋቸው። ከዚያ አንድ ምሽት ሌላ ሰው ፍለጋ የዚያችኑ ደብር የቀብር መዝገብ ሳገላብጥ ያንኑ ስም አየሁት። 1849፣ ዕድሜ 2። እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ። በሁለት ዓመቱ የተቀበረ ሕፃን ነበር የዳርኩት፣ ልጅ አስወልጄ ያስረጀሁት። የሰው ሐዘን ረግጬ ያለፍኩ ያህል ተሰማኝ።

ጥፋቱ ከላይ መጀመሬ ነው። ከሚታወቀው ተነስቶ ወደማይታወቀው መሄድ እያለ እኔ በቀጥታ ከልደቱ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጥምቀት ሳገኝ ቀጥሎ የምከፍተው የዚያኑ ደብርና የአካባቢውን የቀብር መዝገብ ነው፤ ልጁ አሥር ዓመት እስኪሞላው እከተለዋለሁ።

ሁለተኛው ጉዞዬ የተነሳው ከ1881 ቆጠራ ነው፤ በበጎ ፈቃደኞች ተጽፎ በነጻ የሚታይ ስለሆነ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ሚስቱና ልጆቹ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጋር ገጠሙ፣ የትውልድ ደብሩ ግን እኔ ካሰብኩት አራት ማይል የምትርቅ ሌላ ሆና ተገኘች። እሷን ይዤ ወደ 1851 ስሄድ የአራት ዓመት ልጅ ሆኖ ከወላጆቹ ጋር አገኘሁት። የአባቱ ሥራ «አግ ላብ» ይላል፤ ቆጣሪዎቹ የእርሻ የቀን ሠራተኛን የሚያሳጥሩበት ነው። የዘጠኝ ዓመት ወንድሙም «አግ ላብ» ነው። በዚያ አገር ሕፃናት በቡድን ተሰባስበው ሩቅ ማሳ ድረስ እየተነዱ አረም ይነቅሉና ድንጋይ ይለቅሙ ነበር። ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ በእነዚህ ቡድኖች እንዳይሠራ ሕግ የከለከለው በ1867 ነው።

በ1861 ጠፋብኝ። ወላጆቹ አሉ፣ ታናናሾቹ አሉ፣ እሱ የለም። ሞቷል ብዬ የሞት መዝገብ ፈተሽኩ፤ የለም። ለካ ቆጠራው የሚጽፈው በዚያች ሌሊት እዚያ ቤት ያደረውን ነው። የዚያ ዓመቷ ሌሊት ሚያዝያ 7 ናት፤ እሱ ደግሞ 14 ዓመቱ ነው፣ ለሎሌነት የደረሰ። የአባት ስሙን ትቼ በራሱ ስም፣ በዕድሜውና በትውልድ ደብሩ ብቻ ስፈልግ ሦስተኛ ደብር ውስጥ፣ ባለጸጋ ገበሬ ቤት፣ «አገልጋይ» ተብሎ ብቅ አለ። የአባቱን ስም ወደ ኮምፒዩተር የገለበጠው ሰው አንድ ፊደል ተሳስቶ ነበር። ሰው ሲጠፋባችሁ መጀመሪያ የቤተሰቡን ስም ከመፈለጊያው ላይ አውጡት።

ጋብቻው ላይ ብዙ ቆየሁ። መጽሐፍ ቅዱሱ ጥቅምት 1870 ይላል። የደብሩ መዝገብ ግን በ1870 ምንም የለውም፤ ጋብቻው ያለው ጥቅምት 1871 ላይ ነው። ማን እንደተሳሳተ የፈረደልኝ ቆጠራው ነው። ሚያዝያ 2 ቀን 1871 ሌሊት ሙሽራይቱ ከአንድ ገበሬ ቤት በሠራተኝነት አድራለች፤ በጋብቻ ዓምዷ ላይ «አላገባችም» ይላል። የመጀመሪያ ልጃቸው ደግሞ ጥር 1872 ተጠምቃለች። መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ የጻፈው ሰው አንዷን ዓመት ወደ ኋላ የገፋት ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የጋብቻው ገጽ ምስል አሁንም ስልኬ ላይ አለ። እሷ ስሟን ፊደል በፊደል፣ እየተጠነቀቀች ጽፋለች። እሱ የመስቀል ምልክት አድርጓል፤ አንደኛው መስመር ላይ ብዕሩ ቀለም ተፍቷል። ከጎኑ ቄሱ «የእሱ ምልክት» ብለው ጽፈዋል። ከዚያ ሰው እጅ የቀረልን ይኸው ነው።

ለአማቴ መንገሩ ከብዶኝ ነበር። ለሰማንያ እየተቃረቡ ላሉ ሴት ስለ ቅድመ አያታቸው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይባላል? ሰምተው ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ልጅቷ ምን ሆነች?» አሉኝ። በመጽሐፍ ቅዱሱ ላይ የተጻፉት ልጆች አምስት ናቸው፤ እሷ የለችበትም።

መልሱ የመጣው ከ1911 ቆጠራ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት የቀሩልን ቆጣሪው በደብተሩ የገለበጣቸው ሆነው ነው፤ የ1911ዱ ግን ቤተሰቡ ራሱ የሞላው ቅጽ ነው። ያገቡ ሴቶችም በትዳር ስንት ዓመት እንደቆዩ፣ ስንት ልጅ በሕይወት እንደተወለደ፣ ስንቱ እንዳለና ስንቱ እንደሞተ ተጠይቀዋል። ቅጹን የጻፈው የመጨረሻው ልጃቸው ነው፤ ከአባቱ ጋር የሚኖረው፣ ከ1870ው የትምህርት ሕግ በኋላ ተወልዶ ትምህርት ቤት የገባው። የትዳር ዘመን 39፤ ከጥቅምት 1871 ጋር ልክ ገጠመ። የተወለዱ 9፣ ያሉ 5፣ የሞቱ 4። ቅጹ የሚጠይቀው በዚያች ሌሊት ቤቱ ያደሩትን ብቻ ነበር። እነሱ ግን የሞቱትን አራቱንም በስማቸው አሰፈሯቸው። ከዚያ የቆጠራው ጸሐፊ በቀይ ቀለም ሰርዟቸዋል። ከተሰረዙት የመጀመሪያዋ ያቺ ልጅ ናት። ከታች ደግሞ አንድ የወንድ ልጅ ስም ተሰርዟል፤ ያው ስም በመጽሐፍ ቅዱሱ ላይ በኋላ የተወለደ፣ በሕይወት ያለ ልጅ ስም ሆኖ ተጽፏል። እኛ ዘንድ ምትኩ ወይም ካሳ ይባል ነበር፤ እነሱ የሟቹን ስም ለተከታዩ ሰጡት።

አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ቀዩን መስመር በጣታቸው ተከተሉት። ስሞቹን ጮክ ብለው አነበቡ። አራተኛው ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፣ እኔም አለቀስኩ። የልጅቷን ቀብር በማግሥቱ አገኘሁላቸው፤ 1878፣ ዕድሜ 6።

በሁለት ቆጠራ መካከል ተወልደው የሞቱ ልጆች የምትፈልጉ ካላችሁ የልደት ማውጫውን እዩ። የመዝገብ ዋናው መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት ያወጣው አዲሱ ማውጫ እናት ከጋብቻ በፊት የነበራትን የቤተሰብ ስም ከ1837 ጀምሮ ያሳያል፤ የቀሩትን ሦስቱን ያገኘኋቸው በዚህ ነው።

አሁን ያለሁት የሰውዬው አባት ላይ ነው። የተጠመቀበት ገጽ እርጥበት በልቶታል፤ ደብሮች በየዓመቱ ወደ ጳጳሱ ይልኩት የነበረውን ግልባጭ ለማየት በሚቀጥለው ሳምንት ኖርዊች ወደሚገኘው የኖርፎክ ቤተ መዛግብት እሄዳለሁ። በመንገዴ ግሬሰንሆል እገባለሁ። የሰውዬው ሚስት አባት በ1881 የተቆጠሩት እዚያ ነው፤ በ1777 የተሠራው የድሆች ማደሪያ፣ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ባልና ሚስት ተለያይተው ያደሩበት ቤት ነው፤ ልጄ አብሬሽ ልሂድ ብላለች።

አንድ እርዳታ እፈልጋለሁ። በ1851 ደብተር ላይ ከአባቱ «አግ ላብ» በኋላ አንድ አጭር ቃል አለች፤ በመጨረሻ ላይ ረጅም ጭራ ያለው ፊደል አላት፣ የቆጠራው ጸሐፊ ሲደምር ያሰመረው መስመርም መሃሏን አልፎባታል። የድሮ የእጅ ጽሕፈት ማንበብ የለመደ ሰው ካለ ምስሉን እልካለሁ።