ከኩንታሉ ዋጋ በፊት ቢያጆውን መቁጠር

የጅቡቲ መስመር ጭነት ሲመጣ ባለንብረቱ ሁሉ የሚከራከረው «በኩንታል ስንት?» ላይ ነው። መኪና የሚያከስረው ወይም የሚያተርፈው ግን በወር ስንት ቢያጆ፣ ማለትም ስንት ደርሶ መልስ ጉዞ፣ መሥራቱ ነው።

ከናፍጣው እንነሳ። ከአዲስ አበባ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወጪ ንግዱ ከገቢው በጣም ስለሚያንስ አብዛኛው መኪና ባዶውን ይወርዳል፤ የመውረጃውንም ወጪ የሚሸከመው የመልሱ ጭነት ነው። 400 ኩንታል የጫነ ባለተሳቢ በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትር፣ ባዶውን ደግሞ 33 ሊትር ይበላል እንበል። ደርሶ መልሱ ወደ 750 ሊትር፣ ለኩንታል 2 ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ስለዚህ ናፍጣ በሊትር 1 ብር ሲጨምር ኩንታሉ ላይ ወደ 2 ብር ይጨምራል። ይህ ማስተካከያ ውሉ ላይ ካልሰፈረ ጭማሪው የባለመኪናው ዕዳ ነው።

ጎማ ማደያ ላይ ስለማይከፈል ይረሳል። መኪናው 10፣ ተሳቢው 12፣ በድምሩ 22 ጎማ። አንዱ 60,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በአንድ ደርሶ መልስ የአንድ ጎማ ሁለት ሦስተኛ ያልቃል። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት በተገዛ ጎማ ዋጋ ዛሬም የሚያሰላ ራሱን እያታለለ ነው። ጎማ የሚፈጀው ደግሞ መንገዱ ብቻ አይደለም። ጎን ለጎን ከተገጠሙት መንታ ጎማዎች የአንዱ ነፋስ ሲያንስ ጓደኛው ሸክሙን ለብቻው ይይዛል፤ ያነሰበትም እየተጣጠፈ ይግላል፤ አፋር በረሃ ላይ ሲደርስ አንዱ ይፈነዳል። ነፋስ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በመለኪያ ይታያል፤ ረዳቱ በዱላ መምታቱ አይበቃም። ቀትር ላይ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስም ጥፋት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ከልክ በታች ይወርዳል።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ከ2010 ጀምሮ ኮንቴይነር ያመላልሳል፤ የወረዳ መጋዘን በር ድረስ ግን አይሄድም። እኔ የምፈራው ውድድር ሌላ ነው፦ ብድሩን ጨርሶ ናፍጣና የሾፌር አበል ብቻ የሚደምር ባለንብረት። ጎማውን፣ የመኪናውን እርጅና ሳይቆጥር ዋጋ ይሰብራል፤ ሞተር ሲወርድ ነው የሚነቃው። እስከዚያ ግን ገበያውን ይዞት ይወርዳል።

ቢያጆውን የሚበላው መቆም ነው። የሾፌር ደመወዝ፣ ኢንሹራንስና የባንክ ክፍያ ወር ቆጥረው ይመጣሉ። በ3 ቢያጆ ለ1,200 ኩንታል፣ በ2 ቢያጆ ለ800 ይካፈላሉ፤ ለኩንታል የሚደርሰው በግማሽ ያድጋል። በተለይ ማዳበሪያ ላይ ዝናብ ማራገፍ ያስቆማል፣ ጫኝና አውራጅ ይጠፋል፣ መጋዘን ይሞላል። የቆይታ ክፍያ ከስንተኛው ሰዓት እንደሚጀምር በውል ይጻፍ፤ ሾፌሩም እንደደረሰ የመግቢያውን ቀንና ሰዓት መጫኛ ሰነዱ ላይ ያስፈርም። ያለዚያ ተቀባዩ የሚቆጥረው ማራገፍ ከጀመረበት ሰዓት ነው።