ቴስተሩ ኧርዝ ላይ ሲበራ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ሆኜ በምሠራበት ጊዜ፣ ኮሌጁ ጎብኚዎችን ለሚቀበልበት ቀን ዓይን የሚስብ ነገር እንድናዘጋጅ ተጠየቅን፤ እኛም ኒኮላ ቴስላ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1891 የፈለሰፈውን ኮይል፣ ማለትም ረጅም የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚረጭ የሽቦ ጥቅል፣ በትንሽ መጠን ለመሥራት ወሰንን። ከኒዮን ማስታወቂያ የተረፈ፣ 9,000 ቮልትና 30 ሚሊአምፔር የሚሰጥ አሮጌ ትራንስፎርመር አገኘን። አሮጌ መሆኑ ጠቀመን እንጂ አልጎዳንም፤ አዳዲሶቹ ወይ ኤሌክትሮኒክ ናቸው፣ ወይ ኃይል ወደ መሬት ሲያመልጥ ራሳቸውን የሚያጠፉ ስለሆኑ ለዚህ ሥራ አይመቹም። ለካፓሲተሩ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለሚያጠራቅመው ክፍል፣ 0.15 ማይክሮፋራድና 2,000 ቮልት የሆኑ 12 ፍሬዎችን በተከታታይ አያይዘን 12.5 ናኖፋራድ አገኘን። ብልጭታው ለሚወጣበት ረጅም ጥቅል፣ ለሰከንደሪው ደግሞ 110 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የፍሳሽ ቱቦ ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር የሞተር መጠምጠሚያ ሽቦ 1,100 ዙር ያህል ጠመጠምን።

መጀመሪያ ስናበራው የወጣው ብልጭታ ከጣት አይበልጥም ነበር። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብን፤ ከላይ የሚቀመጠውን የአሉሚኒየም ቀለበት በስሌቱ ከያዝነው አስፍተን ስለሠራነው፣ የሰከንደሪው ድግግሞሽ ወደ 200 ኪሎኸርዝ ወርዶ ሳለ ፕራይመሪው፣ ማለትም ከካፓሲተሩ ኃይል የሚቀበለው ጥቅል፣ ገና 230 አካባቢ ነበር፤ ሁለቱ ደግሞ መግጠም አለባቸው። የፕራይመሪውን ማያያዣ ከ11ኛው ዙር ወደ አሥራ ሁለት ተኩል ስናዛውረው ብልጭታው ግማሽ ሜትር ደረሰ። ማያያዣውን በነካን ቁጥር ሶኬቱን ነቅለን፣ ካፓሲተሩን በማይተላለፍ ዘንግ ጫፍ ላይ ባሰርነው ሽቦ እናራግፈው ነበር። ተመልካች የሚፈራው ከላይ የሚንጣጣውን ነው፤ ሰው የሚገድለው ግን ከታች ድምፁን አጥፍቶ የተቀመጠው ትራንስፎርመርና ካፓሲተር ነው።

ብልጭታው በረዘመ ማግስት በጎረቤት ቢሮ ያለው የኔትወርክ ማከፋፈያ ተቃጠለ፤ የጸሐፊዋ ፕሪንተርም መሥራት አቆመ። ማናችንም አልተጠራጠርንም፤ በከተማችን ዕቃ ሲቃጠል የመጀመሪያው ተከሳሽ የመብራት መዋዠቅ ነውና። ከሦስት ቀን በኋላ ሌላ ማከፋፈያ ተተክቶ እሱም ሲቃጠል እንኳ ማረጋጊያ እንዲገዛ ነበር ያመለከትኩት። ነገሩን ያዞረው የጥበቃ ሠራተኛው ነው። «እናንተ ያንን የሚጮኸውን ስታበሩ እኮ በኮሪደሩ የመብራት ሳጥን ላይ እሳት ብልጭ ይላል» አለኝ። እኔ አላመንኩትም፤ የቤተ ሙከራው ኃላፊ ግን አመኑት።

ኃላፊያችን በሙያው ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆዩ ሰው ናቸው። የደረት ኪሳቸው ውስጥ የማትጠፋውን ተራ ቴስተር፣ ኤሌክትሪክ ስትነካ ውስጧ መብራት የምትበራውን መፈተሻ፣ ይዘው ወደ ጎረቤት ቢሮ ገቡና «ልጄ፣ አምስት ሰከንድ ብቻ አብራው» አሉኝ። ረዳቴ ማብሪያው ላይ ሆኖ እኔ በር ላይ ቆሜ አየሁ፤ የቴስተሩ ጫፍ የነካው የሶኬቱን ኧርዝ፣ ማለትም ለጥንቃቄ ከመሬት ጋር የሚያያዘውን መስመር ነው፣ ሆኖም ውስጡ ያለችው መብራት ቦግ አለች። ኃይል በሚያመጣው ሽቦ፣ በፌዝ ላይ እንጂ ኧርዝ ላይ ቴስተር ሲበራ አይቼ አላውቅም ነበር። ተመልሰው መጡና «የሰከንደሪውን የታችኛውን ጫፍ የት ነው ያሰርከው?» ብለው ጠየቁኝ። የግድግዳው ሶኬት ኧርዝ ላይ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ያኔ እንደ ጥንቃቄ ቆጥሬው ነበር።

የሕንጻው የኧርዝ ሽቦ የተዘረጋው ለ50 ኸርዝ ነው። አሥር ሜትር የሚሆነው ሽቦ በ50 ኸርዝ ያለው ተቃውሞ ከአንድ አሥረኛ ኦም አያልፍም፤ ነገር ግን የዚሁ ሽቦ ኢንዳክታንስ (ድግግሞሽ ሲጨምር ፍሰትን ይበልጥ የሚያግድ ባሕርይ) ቢያንስ 10 ማይክሮሄንሪ ያህል ስለሚሆን፣ ተቃውሞው በ200 ኪሎኸርዝ ሲሰላ ከ12 ኦም በላይ ይሆናል። ከቤተ ሙከራችን የኧርዝ ሽቦው መሬት ውስጥ እስከሚገባበት ጉድጓድ ያለው ርቀት ደግሞ ከሠላሳ ሜትር የሚያንስ አልነበረም። በኮይሉ ግርጌ የሚወርደው ጥቂት አምፔር በዚያ መንገድ ሲያልፍ፣ ዜሮ መሆን የሚገባው ኧርዝ በየቢሮው ከመቶ ቮልት በላይ ይዘልላል፤ ከኧርዝ ጋር የታሰረው ማከፋፈያም ሆነ ፕሪንተር አብሮ ይዘልላል። በሌላ አነጋገር፣ ለመከላከያ የተዘረጋውን ሽቦ ማሰራጫ አድርጌው ኖሯል።

መፍትሔው ግማሽ ቀን አልፈጀም። ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ሣር ቆፍረን ሜትር ተኩል የመዳብ ዘንግ ቀበርን፤ ዙሪያውን እንደ ልማዱ ጨውና ከሰል ሞልተን ውኃ አፈሰስንበት። ከኮይሉ ግርጌ እስከ ዘንጉ ሽቦ ሳይሆን አጭርና ሰፊ የመዳብ ጥፍጥፍ ዘረጋን፤ ሰፊ ጥፍጥፍ ኢንዳክታንሱ ያንሳልና። የትራንስፎርመሩ ገላ ከሕንጻው ኧርዝ ጋር እንደታሰረ ቀረ፤ እሱ የሰው መጠበቂያ ስለሆነ አይነካም። በኃይል መስመሩ ላይም ማጣሪያ ጨመርን። እንደገና አብርተን ኃላፊው ያንኑ ቴስተር በያንዳንዱ ቢሮ አስገቡ፤ አልበራም። የጥበቃ ሠራተኛውም ሳጥኑ ፊት ቆሞ እጁን በማወዛወዝ ምንም እንዳላየ ነገረን።

የተቃጠሉትን ዕቃዎች የምናስመዘግብበትን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነበርኩ። «የብልሽቱ ምክንያት» በሚለው ቦታ ቀደም ብዬ «የኃይል መዋዠቅ» ብዬ ጽፌ ነበርና ኃላፊው ሊፈርሙ ሲያነቡት ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ በራሳቸው እስክሪብቶ ሰርዘው «ቤተ ሙከራው ያሰረው የኧርዝ ሽቦ» ብለው ጻፉና ፈረሙበት።