ከፍልሰታ ማግስት እስከ ጽጌ ዋዜማ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አትላንታ

ከራት በኋላ ሁለት ቀን መቁጠሪያ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። አንዱ ከግድግዳው ያወረድኩት፣ ጾሙና በዓሉ የተጻፈበት የቤተ ክርስቲያን ነው። ሌላው እኔ በእስክሪብቶ ያሰመርኩት ወረቀት ሲሆን በላዩ ፍሎሪዳ ዲዝኒ ወርልድ ውስጥ ያለው፣ ኤፕኮት የሚባለው መዝናኛ ፓርክ የሚያዘጋጀው የምግብና የወይን ፌስቲቫል ቀኖች ሰፍረውበታል። የዘንድሮው ኦገስት 28 ተከፍቶ ኖቬምበር 22 ይዘጋል። በእኛ ነሐሴ 22 ጀምሮ ኅዳር 13 ያልቃል ማለት ነው።

እንዲህ ጎን ለጎን ሳያቸው ደስ አለኝ። ፍልሰታ ነሐሴ 16 ይፈታል፤ ፌስቲቫሉ የሚከፈተው ከዚያ በስድስተኛው ቀን ነው። የሚዘጋውም ጾመ ነቢያት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሁለቱ ሳይተዋወቁ የተስማሙ ይመስላሉ። ግን መሐሉ ላይ ጽጌ አለ፤ መስከረም 26 ገብቶ እስከ ኅዳር 5 ይዘልቃል። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፣ እማዬ ግን አንድም ዓመት ዘላው አታውቅም። ጳጉሜንም ትጾመዋለች። ረቡዕና ዓርቡ ሲቀነስ ረዘም ብሎ የሚተርፈኝ ከእንቁጣጣሽ እስከ መስከረም 25 ያለው ነው፤ ከእሱም ቅዳሜና እሁድን አወጣሁ፣ የኦርላንዶና የአካባቢው ሰው በሙሉ የሚጎርፈው ያን ጊዜ ነውና። በመጨረሻ ሰኞ መስከረም 5 እና ማክሰኞ መስከረም 6 ላይ ቀለበት አደረግኩ። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 እና 16።

ሰው ለመዝናኛ ይህን ያህል ይጨነቃል ወይ የሚለኝ ካለ፣ ምክንያት አለኝ።

በ2018 እ.ኤ.አ. እማዬ ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ መጥታ ሳለ ከወንድሜና ከልጆቹ ጋር ወደዚሁ ፌስቲቫል ይዘናት ሄድን። የመስቀል ማግስት ነበር፣ ሴፕቴምበር 28። ያገኘሁት የእረፍት ቀን እሱ ነበርና ሌላ ምንም አላሰብኩም። ዓርብ መሆኑን ያስታወስኩት በሩን አልፈን፣ ያንን ትልቅ ነጭ ድቡልቡል ሕንፃ ተሻግረን፣ የሥጋው ሽታ ሲቀበለን ነው። እማዬ አንድም ቃል አልተናገረችም። ፓርኩ ውስጥ በቻይናና በጀርመን ስም በተሠሩት ሰፈሮች መካከል ከውሃው ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር አገኘችና ተቀመጠች። እኛ ከአንዱ የምግብ ዳስ ወደ ሌላው እየዞርን እንበላ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስመለስ ነጠላዋን ጭኗ ላይ አጥፋ፣ ከቦርሳዋ ቆሎ እያወጣች በሁለት ጣቷ እየቆነጠረች ትቀምሳለች።

«እማዬ፣ ምን ላምጣልሽ?»

«ቆሎዬ አለኝ ልጄ፤ እናንተ ብሉ።»

ቀና ብላ አየሩን ሳበችና፣ «ብቻ ይሄ የበርበሬ ሽታ ከየት ነው?» አለች።

እውነቷን ነበር። እዚያው አጠገባችን፣ የአፍሪካ የሚባለው ዳስ በበርበሬ የተሠራ የበሬ ሥጋ ይሸጥ ነበር። ለስላሳው ጡንቻ ሥጋ ተቆራርጦ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ባሚያ ገብቶበታል። ስሙም ላይ ሳይተረጎም «በርበሬ» ተብሎ ተጽፏል። የሚቀርበው ደቡብ አፍሪካውያን ፓፕ ከሚሉት የነጭ በቆሎ ገንፎ ጋር ነው። ከአገሬ በዚህ ሁሉ ርቀት የእናቴን የወጥ ቤት ሽታ አግኝቼ፣ እሷ ግን ልትቀምሰው በማትችልበት ቀን አምጥቻታለሁ። የሚቆጨኝ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ቤት ገብቼ የምግቡን ዝርዝር ሳነብ ያው ዳስ ጊቴሪ የሚባለውንም እንደሚሸጥ አየሁ። ቦሎቄና ሌላ ጥራጥሬ ያለበት የምሥራቅ አፍሪካ ምግብ ነው፤ ቅቤም ወተትም አልነካውም። እናቴ ከተቀመጠችበት ሃያ እርምጃ እንኳ አይርቅም። አንድ ገጽ ቀደም ብዬ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ሞቅ ያለ የጾም ምግብ ትበላ ነበር። ያቺ ወንበር ላይ ቆሎ ስትቆነጥር እስካሁን በዓይኔ ትመጣለች።

እማዬ አሁን እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ስለዚህ በዚህ ዓመት እንደ ሠርግ ነው የምዘጋጀው።

ላልሄደ ሰው ቦታውን ልንገር። ኤፕኮት የተከፈተው ኦክቶበር 1 ቀን 1982 ነው። በውስጡ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዙሪያ አሥራ አንድ አገሮች ተሠርተዋል፦ ሜክሲኮ፣ ኖርዌይ፣ ቻይና፣ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ሞሮኮ፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ካናዳ። ከአፍሪካ ያለችው ሞሮኮ ብቻ ናት። መጀመሪያ ላይ የምድር ወገብ አፍሪካ የሚባል ትልቅ ሰፈር ታቅዶ ነበር፤ ሳይሠራ ቀረ። የተረፈው በቻይናና በጀርመን መካከል ያለችው ትንሽ ማረፊያ ናት። በርበሬው ያኔ የሸተተን ከእሷ ነው። ፌስቲቫሉ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ በ1996 ተጀመረ። በዚያ ሰሞን ሐይቁ ዙሪያና መግቢያው አካባቢ ትንንሽ ዳሶች ይተከላሉ፤ እያንዳንዱ የአንድ አገር ወይም የአንድ ዓይነት ምግብ ነው። መግቢያው የተለመደው የፓርኩ ትኬት ነው፤ ምግቡና መጠጡ ግን ለየብቻ ይከፈልበታል። ሳህኑ ትንሽ ነው፣ ሁለት ሦስት ጉርሻ ቢሆን ነው፤ አብዛኛው ከአምስት እስከ አሥር ዶላር ያወጣል። ትንሽ ነው ብሎ የናቀው ሰው ማታ ሲደምር ይደነግጣል። ስለዚህ ከዕቁቡ ላይ ያስቀመጥኩትን ገንዘብ የስጦታ ካርድ ላይ ልጭነው ነው፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ካርድ። ካርዱ ሲያልቅ የዚያ ቀን መብል አለቀ።

ትንሽ ሳህን መሆኑን ግን እወደዋለሁ። አንዱን ገዝቶ ለአራት ሰው መቃመስ ይቻላል፣ እማዬም እንደለመደችው ለልጆቹ ማጉረስ ትችላለች።

ዛሬ ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ ዝርዝሩ ነው። ብዙው ምግብ ከዓመት ዓመት ስለሚመለስ ያለፉትን ዓመታት ዝርዝር ይዤ ጀመርኩ። እማዬ መነጽሯን አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትፈርዳለች። የሐዋይ ዳስ ላይ ሁሉም የሚያወራለት ትንሹ ሳንድዊች የአሳማ ሥጋ ነው፤ ተሰረዘ። የጀርመኑ ቋሊማም እንዲሁ። የካናዳው የቺዝ ሾርባ ሰው ሁሉ ተሰልፎ የሚገዛው ነው፤ ነገር ግን የአሳማ ቤከን ይገባበታል፣ እሱንም ሰረዝነው። ከዚያው ከካናዳ ዳስ ግን ለስላሳው የበሬ ሥጋ ከእንጉዳይ ጋር አለ፤ «እሱ ይሁን» አለች። ፈረንሳይ ጋ ክሩዋሳን ውስጥ የገባ ቀንድ አውጣ መኖሩን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና፣ «ከዝናብ በኋላ አጥር ላይ የሚሄደው?» ብላ ጠየቀችኝ። እሱ ነው አልኳት። እሱንም አልፈነው ሄድን። የሕንዱን ትኩስ ቂጣ ከድምብላል፣ ከማንጎና ከነጭ ሽንኩርት ማባያው ጋር ገና ስነግራት ወደደችው። የግሪኩን የተጠበሰ አይብ ከማር ጋር ስነግራት ደግሞ «አይብ በማር! እነዚህ ሰዎች ያውቃሉ» አለች። ከሃያ በላይ ምግብ አይተን ዘጠኝ ቀረልን። ለሁለት ቀን ይበቃል።

ወይኑ የእኔ ነው። እማዬ በዓል ሲሆን አንድ ብርጭቆ ጠጅ ትቀምሳለች እንጂ ወይን አትወድም። እኔ ግን ወይን ሲቀርብ አባቴን አስታውሳለሁ። የፋሲካ ለታ አንድ ጠርሙስ ጉደር ይገዛና፣ እኛ ልጆቹ ዙሪያውን ቆመን ቡሹን በጥርሱ ስቦ ሲያወጣው እናይ ነበር። የሐይቁ ዙሪያ ዳሶች በትንሽ ኩባያ ስለሚሸጡ፣ ለአንድ ቀን ሦስት ብቻ መርጫለሁ፦ ከጀርመን ሪዝሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን፣ ከጣሊያን ቀይ፣ የአፍሪካው ዳስ ካለው ደግሞ የደቡብ አፍሪካ። የሚጠጣ ሰው 21 ዓመት የሞላውና መታወቂያ የያዘ መሆን አለበት።

ጉልበቷ ሌላው ጉዳይ ነው። የሐይቁ ዙሪያ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በሴፕቴምበር የፍሎሪዳ ሙቀት ያ ሁለት ኪሎ ሜትር ረጅም ነው። በአንድ ቀን አንዞረውም። ሰኞ ከሜክሲኮ ተነስተን እስከ አሜሪካ፣ ማክሰኞ በኋላ በር ገብተን ከፈረንሳይ ወደ ሞሮኮና ጃፓን። የኋላው በር በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ነው፤ ከ2019 ጀምሮ ሰማይ ላይ በገመድ የሚሄዱት ሳጥኖች ከአንዳንድ ሆቴሎች እዚያ ድረስ ያመጣሉ። የምናርፍበት ሆቴል የተመረጠው ለዚህ ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን እማዬ ከመኪና ማቆሚያው በእግሯ አትሄድም። ዳሶቹ የሚከፈቱት በፈረንጁ 11 አካባቢ ነው፣ በእማዬ ቆጠራ አምስት ሰዓት። በተከፈተ ሰዓት ገብተን፣ እስከ ስምንት ቀምሰን፣ ሙቀቱ ሲበረታ ሆቴል ተመልሰን እንተኛለን። ማታ ውሃው ላይ ለሚደረገው ርችት እንመለሳለን።

የከሰዓት ነጎድጓድ በዚያ ወቅት የማይቀር ነው፤ መብረቅ ሲኖር የገመዱ ሳጥኖች ይቆማሉ። የዝናብ ካፖርት ገዝቻለሁ። የዐውሎ ነፋስ ወቅቱም እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ነው። ባለፈው ዓመት ኦክቶበር ሚልተን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ ፓርኮቹ ተዘግተው ነበር። ለዚህም ነው በአውሮፕላን ሳይሆን በመኪና የምንሄደው፤ ሰባት ሰዓት ያህል መንገድ ነው፣ ነገሩ ከከፋ መልሶ መምጣት ይቻላል።

ነገ ረቡዕ ነው። እሁድ መስከረም 4 ሆቴሉ ከምንገባበት ቀን ወደ ኋላ ስቆጥር ስልሳኛው ቀን ነገ ይውላል፤ የምግብ ቤት ቦታ መያዝ የሚጀመረውም በስልሳ ቀን ነው። ሞሮኮ ውስጥ ውሃው ዳር ያለው ስፓይስ ሮድ ቴብል የማክሰኞ ማታ ቦታ እፈልጋለሁ፤ ልጆቹ ርችቱን ቆመው ያዩታል፣ እማዬ ግን ወንበር ላይ ተደግፋ፣ ሻይ ይዛ እንድታየው። ስልኬን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንዲቀሰቅሰኝ አድርጌያለሁ።

ቀን መቁጠሪያውን ልሰቅለው ስነሳ እማዬ ከእጄ ተቀበለችኝና መስከረም 5 ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«አቦ ነው» አለች። «ጥሩ ቀን ይዘሻል።» ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ያ በበርበሬ የሚሠሩት ሥጋ ዘንድሮም አለ?»

«ካለ የመጀመሪያው የምንቆምበት ዳስ እሱ ነው፣ እማዬ።»

«ታዲያ በገንፎ አይሆንም» አለች። «ወደ ውስጥ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል አላልሽም?»

ይፈቀዳል አልኳት። አሁን ማዕድ ቤት ቆማ፣ ስንት እንጀራ በየትኛው ሳጥን ውስጥ ሳይሰበር እንደሚታጠፍ እየለካች ነው።