ገና ልጅ ናት ተባለች

ዛሬ ባዮሎጂ የሚያስተምር ጓደኛዬ ጋ ጎራ ብዬ፣ ከሳሎኔ ግድግዳ የያዝኳትን ሸረሪት በብልቃጥ ሰጠሁት። «ዝርያዋ ምንድን ነው?» አልኩት። በማይክሮስኮፕ አየና «ገና ልጅ ናት፤ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም» አለኝ። ቀለሟስ? «ቀለም ያታልላል!»

ከዚያ ያደገ ወንድ ሸረሪት አሳየኝ። ከአፉ ግራና ቀኝ ያሉት እግር መሰል አካላት ጫፋቸው ያበጠ ነው። የቦክስ ጓንት ያጠለቀ ነው የሚመስለው! ዘሩን ለሴቷ የሚያቀብለው በዚያ ነው። ውስጡ ያለው ጠመዝማዛ ቅርጽ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ፣ ባለሙያዎቹ የወንዱን ዝርያ የሚለዩት በዋናነት ያንን አይተው ነው፤ ልጅ ላይ ግን ይህ ገና አልተሟላም።

በፈረንጆቹ 2022 የተመዘገቡት የሸረሪት ዝርያዎች 50,000 አልፈዋል። ይህ ሁሉ ጓንት ተመርምሮ! የሸረሪት ዘመዶች የሆኑት እነ መዥገርና እከክ አምጪዋ ተባይ ባሉበት ወገን ውስጥማ ገና ስም ያልወጣለት ብዙ አለ። አብዛኞቹ በዓይን እንኳ በደንብ አይታዩም።