አልዱይን ለምን ዓለምን አልበላም?

አልዱይን ክፉ ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ከተማ ያቃጥላል፣ የሞቱ ሰዎችን ነፍስ ይበላል፣ በገዛ ወንድሙ አንገት ላይ ጥርሴን እተክላለሁ እያለ ይዝታል። ስካይሪምን እንደገና መጫወት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለኝ ክፋቱ አይደለም። ሥራውን አለመሥራቱ ነው።

ጌሙን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ስካይሪም ቤቴስዳ የሠራው ጌም ነው፤ የወጣው ኖቬምበር 11 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ነው። ዋናው ጠላት አልዱይን የሚባል ጥቁር ዘንዶ ነው። «ዓለምን የሚበላው» ይሉታል። የጊዜ አምላክ የሆነው የአካቶሽ የበኩር ልጅ ነው። በጌሙ አፈ ታሪክ፣ ዓለም ዕድሜዋን ስትጨርስ መዋጥ የእሱ ድርሻ ነው። አንዷ ተበልታ ስታልቅ ሌላዋ ትወለዳለች። እንግዲህ አልዱይን ሲጀመር ወንበዴ አልነበረም፤ ለአንድ ሥራ የተመደበ ነው።

ታዲያ ዓለምን ሲበላ አይተነዋል? ኧረ የለም። የሚያደርገውን ካይንስግሮቭ ላይ ተመልከቱ። ከመንደሯ በላይ፣ ኮረብታው ላይ የጥንት ዘንዶ መቃብር አለ። አልዱይን ከመቃብሩ በላይ ክንፉን እያርገበገበ በራሳቸው ቋንቋ ይጮኻል። አፈሩ ይፈነዳል። አጥንቱ ብቻ የቀረ ዘንዶ እየተንፏቀቀ ይወጣና ዓይናችን እያየ ሥጋና ቆዳ ይለብሳል። ሳሎክኒር ይባላል። ስንት ዘመን መሬት ውስጥ ተኝቶ ሲነሣ የመጀመሪያ ንግግሩ ምን መሰላችሁ? የጥንቱን መንግሥትህን የምትመልስበት ጊዜ ደረሰ ወይ፣ ብሎ ይጠይቃል። አልዱይንም አዎ፣ ይለዋል። ንግግሩ በዘንዶ ቋንቋ ስለሆነ ብዙ ተጫዋች ቀስቱን ሲያዘጋጅ ያልፈዋል። እኔ ግን የአልዱይን ጉዳይ በሙሉ እዚያች ጥያቄ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ስለ ዓለም ፍጻሜ አንድም ነገር የለም። ወሬው የመንግሥት ነው።

ነገሩ ግልጽ ነው። ዓለምን ከበላት የሚገዛው ነገር አይኖረውም። ስለዚህ አልበላትም። ጡረታው ደርሶ ርክክብ አላደርግም፣ ቢሮዬን አልለቅም ያለ ኃላፊ ነው የሚመስለኝ። ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። ወንድሙ ፓርቱርናክስ መጨረሻ ላይ ራሱ ይናገረዋል፤ የአልዱይን ጥፋት የተጻፈው የአባታቸውን የጌትነት ሥልጣን ለራሱ በወሰደ ጊዜ ነው ይላል። (በነገራችን ላይ የዚህን የተከበረ ሽማግሌ ዘንዶ ድምፅ የሠራው ቻርልስ ማርቲኔይ፣ ለብዙ ዓመታት የማሪዮ ድምፅ የነበረው ሰውዬ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ተራራው ላይ ቁም ነገር ሲያወራኝ ሳቄን መያዝ ያቅተኛል።)

አሁን ወደ ሞት ልምጣ።

የስካይሪም ዘንዶዎች በዕድሜ አይሞቱም። ሰይፍ ቢገድላቸውም ነፍሳቸው ከአጥንታቸው ጋር ትቆያለች፤ የሚቀሰቅስ ከመጣ ይነሣሉ። ድራገንቦርን የሚባለው ሰው፣ ማለትም ተጫዋቹ፣ ሲገድላቸው ግን ነፍሳቸውን ይመጠዋል። ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። ከዋይትራን ከተማ ወጣ ብሎ ያለው የጥበቃ ግንብ ጋ የምንገጥመው ሚርሙልኒር ይህን ሳያውቅ ነው የሚዋጋው። ወታደሮቹን ከመሬት እያነሣ ሲወረውር ደስታው ነው። እናንተ ሟቾች እንዲህ ጥሩ ጨዋታ እንደምትሆኑ ረስቼው ነበር፣ ይላል። ሞት ለእሱ ጨዋታ ነው፤ የሰው ሞት ነዋ! ሊሞት ሲል ግን የገደለው ማን እንደሆነ ይገባዋል። «ድራገንቦርን? አይሆንም!» ብሎ ይጮኻል። ጩኸቱ ውስጥ ያለው ፍርሃት ነው፤ ንዴት የለበትም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ዘንዶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር ጦር የገባበት ነው፤ ሲሞት ምን ተሰማህ ብሎ የጠየቀው የለም። እዚህ ግን ሲነግረኝ ሰማሁት፤ አልተመቸኝም።

ሰዎቹ በጥንት ጊዜ አልዱይንን ያንበረከኩት ይህንኑ ስለገባቸው ነው። ጎርምላይት፣ ሃኮንና ፌልዲር የሚባሉት ሦስቱ ጀግኖች ድራገንሬንድ የሚሉትን ጩኸት ይዘው ነው የገጠሙት (በጌሙ ጩኸት ማለት በዘንዶ ቋንቋ የሚነገር ኃይል ያለው ቃል ነው)። ጩኸቱ ሦስት ቃላት ናቸው፦ ሟች፣ ውሱን፣ ጊዜያዊ። አለቀ። እሳት የለውም፣ በረዶ የለውም። ዘንዶው ለጥቂት ሰከንዶች ሟች መሆን ምን እንደሆነ እንዲገባው ያደርጋል፤ ይህ ብቻ ከሰማይ ያወርደዋል። ፓርቱርናክስን አስተምረኝ ብትሉት አልችልም ይላል፤ የዘንዶ አእምሮ ነገሩን ሊይዘው አይችልም። ለረጅም ዘመን በዝምታ ሲያሰላስል የኖረው ጠቢቡ እንኳ! አልዱይንም ጩኸቱ ሲመታው ይህ ምን ዓይነት ጠማማ ቃል ነው ብሎ ነው የሚጮኸው።

እኛ ይህን ስሜት ተሸክመን ነው ቁርስ የምንበላው። ሞት የማይቀር ዕዳ ነው እንልና ታክሲ ተሰልፈን ሥራ እንሄዳለን። የዘንዶዎች ሁሉ ንጉሥ ግን ሰከንዶች አልቻለም።

ቆይ ግን፣ እኔስ? ሚርሙልኒር ስንቴ አቃጥሎኛል። ሴቭ ያደረግሁበትን እከፍትና እመለሳለሁ። ነፍስ መብላትም ቢሆን የእሱ ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዷ የጩኸት ቃል አንድ የዘንዶ ነፍስ እከፍላለሁ። በረዶ ለመትፋት፣ ፈጥኜ ለመሮጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የማይነሣ ሞት እሰጣለሁ። ሚርሙልኒር ቢጽፍ ኖሮ ጭራቁ እኔ ነበርኩ።

በጌሙ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ቦታ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል። የዓለም ጉሮሮ በሚባለው ተራራ አናት ላይ ፓርቱርናክስ ይጠይቃችኋል። አልዱይንን ለምን ማቆም ትፈልጋላችሁ? ከመልሶቹ አንዱ በጣም ቀላል ነው፦ ይህን ዓለም እወደዋለሁ፣ እንዲያልቅ አልፈልግም። ሁሌም እሱን ነው የምመርጠው። ፓርቱርናክስም ጥሩ ምክንያት ነው ይልና፣ ይህች ዓለም የሚቀጥለው ዓለም እንቁላል ብትሆንስ፣ እንዳይወለድ ልትከለክሉት ነው ወይ፣ ብሎ ይጨምራል።

ግን የአልዱይን ምክንያትስ ከእኔ መልስ በምን ይለያል? እሱም ይህን ዓለም ወዶታል። እሱም እንዲያልቅ አልፈለገም። ስሙን ከላይ ሸፍኖ ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያነበበ ሰው ማን ጀግና ማን ጠላት እንደሆነ አይለይም።

ልዩነት አለ፤ ሶቭንጋርድ ላይ ይታያል። ሶቭንጋርድ ጀግኖች ሲሞቱ የሚሄዱበት የኖርዶች፣ ማለትም የስካይሪም ሰዎች፣ ሰማይ ነው። ኖርድ ሞትን የማይፈራው የሚሄድበትን ስለሚያውቅ ነው። አልዱይን ገብቶ የተቀመጠው እዚያ ነው። ሸለቆውን በጭጋግ ሞልቶ መንገድ የጠፋባቸውን ነፍሳት እያነቀ ይበላል፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስትገቡ አንድ ወታደር ተመለስ፣ ጭጋጉ ውስጥ መዓት አለ ይላችኋል። ሰውዬው አንዴ ሞቷል! ሞቶም ፈርቷል። ጌሙ ሲጀምር ካቃጠላት ከሄልገን ከተማ ይልቅ እኔን ያስጠላኝ ይህ ነው። ዓለምን የምንወድ ሰዎች ቢያንስ ተራችን ሲደርስ እንሄዳለን። አልዱይን የሄዱትን አሳዶ የራሱን ቆይታ በእነሱ ይገዛል።

ትናንት ማታ ጨረስኩት። ሦስቱ ጀግኖች ከሾር አዳራሽ ወጥተው አብረውኝ ጭጋጉን ሦስት ጊዜ በጩኸት ገፈፍነው፤ ከዚያ ወረደ። ውጊያው ራሱ ያን ያህል አይደለም። ከዋሻ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ተራ ጠላቶች የበለጠ ያስቸግራሉ። ሲሞት ግን እኔ ማለቂያ የለኝም፣ ልጠፋ አልችልም እያለ ነው የሚሰባበረው። የሌሎቹ ዘንዶዎች ነፍስ ወደ እኔ ይመጣ ነበር፤ የእሱ አልመጣም። ግሬይቢርድስ የሚባሉት የተራራው መነኮሳት ቃል አቀባይ የሆነው አርንጌር ሲያስረዳ፣ በዓለም መጨረሻ ተመልሶ የተወለደበትን ሥራ እንዲፈጽም ሊፈቀድለት ይችላል፣ ውሳኔው የአማልክት ነው ይላል። እኔ የምጠረጥረው ያኔም ትንሽ ልቆይ የሚል ይመስለኛል።

ከዘንዶ አዳኞቹ ወገን የሆነችው ዴልፊን ደግሞ ፓርቱርናክስን ካልገደልክ አናግርህም ብላ አኩርፋለች። በጥንቱ ጦርነት የአልዱይን ቀኝ እጅ ነበር፣ እጁ በደም የተነከረ ነው ትላለች። እሱም አይክድም። ቢሆንም ሥልጣኑን በገዛ ፈቃዱ የተወ ብቸኛ ዘንዶ እሱ ነው፤ ታኩርፍ።