በርበሬው የት ይሰጣ?

ዛሬ ከሰዓት ድብርት ቢጤ ይዞኝ በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር። በረንዳ ስል አንድ ወንበር ከገባ ሰው የማይገባበት። ከታች ባንክ አለ። ከባንኩ ጎን ሌላ ባንክ አለ። ከዚያ ፋርማሲ፣ ካፌ፣ ጥፍር የሚሠሩበት ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጂም። ደላላው «እዚሁ ወርደሽ ሁሉን ነገር ታገኛለሽ» ብሎኝ ነበር። ሎሚ ግን የለም። ለአንድ ሎሚ ሁለት አስፋልት ነው የምሻገረው።

ስለ ድብርቱ ልጽፍ ነበር። ግን እማዬ ጠዋት በስልክ ያለችኝ ነገር እየቆየ ገባኝ። ዛላ ገዝታልኛለች። አሥር ኪሎ።

እዚህ ሕንፃ ላይ በርበሬ የት ነው የሚሰጣው?

ቀልድ አይደለም። ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተደልዞ ፀሐይ ይፈልጋል። ሰፊ ፀሐይ፣ ለሁለት ሦስት ቀን። ዶሮ የሚያባርር ሰውም ይፈልጋል፤ ልጅ እያለሁ ያ ሥራ የኔ ነበር። ጥር ነው፣ ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የኔ በረንዳ ላይ ግን የሚገባው ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ተኩል ነው። ሰዓት ይዤበታለሁ።

እንዲህ ያለውን ሕንፃ «ቅይጥ» ይሉታል። ሱቅ፣ ቢሮ፣ መኖሪያ በአንድ ጣሪያ። ያሳደገን ሰፈርስ ምን ነበር? ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ጓዳ፣ አጠገቡ ጠላ ቤት፣ ልብስ ሰፊው ከነሲንጀሩ ደጅ ላይ። ልዩነቱ፣ የዱሮው ሩብ ኪሎ ስኳርና አንድ ፌስታል ከሰል ይሸጥልናል፤ ያውም በዱቤ። የአሁኑን የታችኛውን ወለል ኪራይ ግን ባንክ እንጂ ባለጉሊቷ አትችለውም።

ኮንዶሚኒየምን ስንቱን ብለነዋል። ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ያንን ያቀዱት ሰዎች ኮሚናል የሚባል ነገር አስበው ነበር። በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ራሱን የቻለ ቤት። እኛ በነበርንበት ኮንዶሚኒየም ኮሚናሉ ኋላ መዋለ ሕፃናት ሆነ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቢያንስ አንድ ሰው «እነዚህ ሰዎች ፋሲካ ሲመጣ በጉን የት ሊያርዱ ነው?» ብሎ ጠይቋል።

ለቅሶውስ? የስድስተኛ ፎቋ ልጅ አባቷ ሲሞቱ ድንኳን ፊት ለፊት አይተከልም ተባለ። የሱቆቹን በር ይጋርዳል። ቤዝመንት ወረድን። በመኪኖቹ መሃል የፕላስቲክ ወንበር ደርድረን ንፍሮ ስንቆረጥም አንዱ መኪናውን ሊያወጣ መጣ። ለቀስተኛው ሁሉ ወንበሩን ይዞ ተነስቶ አሳለፈው። ሰውዬው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ ሄደ። ምን ያድርግ።

ግን ልዋሽ አልፈልግም። ጭቃ የለም። ውሃ ሲጠፋ ታንከር፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አለ። ማታ ስገባ ውሻ አያሯሩጠኝም። ተመለሽ ብትሉኝ አልመለስም።

ይባስ ብሎ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አምና የአራተኛ ፎቋ እትዬ በርበሬያቸውን ጣሪያ ላይ አስጥተው ሕንፃው ሙሉ ሲያስነጥስ ዋለ። ማታ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ጣሪያ ላይ ምንም ነገር ማስጣት ይከልከል» የሚል ሐሳብ መጣ። ቀድማ አውራ ጣት የሰጠችው ማን ነበረች? አሁን ወደ ላይ እየሳብኩ ፈለግኩት። ከሥሩ «ትንሽ እንሠልጥን እንጂ!!!» ብዬ ጽፌያለሁ። ሦስት ቃለ አጋኖ። ተከለከለም።

እማዬ ቅዳሜ ትመጣለች። «አንቺ እኮ ፎቅ ላይ ነሽ፣ ፀሐዩ ቅርብሽ ነው» ነው ያለችኝ።

የጣሪያውን ቁልፍ የሚይዘው ጥበቃ ቅዳሜ ተረኛ ይሆን?