«ቫይታሚኑን አላቋረጥኩም»

መድኃኒት ቤት መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ አባት 50 ሚሊግራም ዲክሎፌናክ የታዘዘበትን ወረቀት ሰጡኝና፣ «ልጄ፣ ቫይታሚን ሲ ጨምሬ ብወስድ ጨጓራዬን ይጠብቅልኛል ይላሉ፤ እውነት ነው?» አሉኝ።

ጥያቄው ደስ አሰኘኝ፤ አንብቤበት ነበርና። ዲክሎፌናክና መሰሎቹ ሕመም የሚያስታግሡት ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር እንዳይመረት አግደው ነው። የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚከልለው ዝልግልግ ፈሳሽ የሚመነጨው፣ ደምም ወደ ግድግዳው እንደልብ የሚደርሰው ግን በዚያው ንጥረ ነገር ነው። መከላከያው ሲሳሳ በተጎዳው ቦታ ፍሪ ራዲካል የተባሉ ያልተረጋጉ ሞለኪውሎች ይበዙና ሕዋሳቱን ያቆስላሉ። ቫይታሚን ሲ እና ኢ እነዚህን ያከሽፋሉ፤ በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎችም ጉዳቱን ሲቀንሱ ታይተዋል፤ ቫይታሚን ሲ ደግሞ በጥቂት ጤነኛ ፈቃደኞችም ላይ።

«አዎ አባባ፣ ይረዳል» አልኳቸው። ሌላ ምንም አልጨመርኩም፤ ምንም አልጠየቅኩም።

በዘጠነኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ፊታቸው ገርጥቷል፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ በሁለት እጃቸው የመስኮቱን ጠርዝ ይዘዋል። ሰገራቸው ምን እንደሚመስል ጠየቅኳቸው።

«እንደ ሬንጅ ጠቁሯል» አሉ።

ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ስጠይቃቸው ከኪሳቸው የተጣጠፈ እሽግ አወጡ፤ 81 ሚሊግራም አስፕሪን። ለልባቸው ተብሎ ከታዘዘላቸው ዓመታት አልፈዋል፤ ከትንሽነቷ የተነሣ ከመድኃኒት አልቆጠሯትም። ሁለቱ ሲደራረቡ ጨጓራ የመድማቱ አደጋ ምን ያህል እንደሚጨምር አውቅ ነበር። በዚያ ቀን ብጠይቃቸው ኖሮ ለሐኪማቸው ደውዬ የጨጓራን አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል እንዲታዘዝላቸው ማድረግ እችል ነበር።

ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚወስዳቸው መኪና እስኪመጣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ማቃጠል የጀመረኝ በሦስተኛው ቀን ነው» አሉኝ። «ቫይታሚኑ እስኪሠራ ብዬ ታገሥኩ። አንድም ቀን አላቋረጥኩም።»

የሚደማ ቁስል ተገኝቶባቸው ታከሙ፤ ዳኑም። እኔ ግን «አዎ» ያልኩት ቃል ስድስት ቀን ሕመማቸውን ችለው እንዲቀመጡ እንዳደረጋቸው አልረሳውም። ከሙከራው ያነበብኩት ሐሰት አልነበረም፤ የተሞከረባቸው ሰዎች ግን እርሳቸውን አይመስሉም ነበር።

በቅርቡ አንዲት እናት ለጨጓራዬ ብለው ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኢ ጠየቁኝ። «እማማ፣ በየቀኑ የሚወስዱትን ሁሉ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ቦርሳቸውን ከፍተው አንድ በአንድ መስኮቱ ላይ ደረደሩልኝ። ሦስተኛው ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን ነበር፤ ብዙ ቫይታሚን ኢ ሲጨመርበት የመድማት አደጋው ሊብስ ይችላል። ቫይታሚን ኢውን ወደ መደርደሪያው መልሼ ስልኩን አነሣሁ።